41 ሚሊዮን አሃዝ ያለው ፕራይም፦ በጠመኔና በሰሌዳ ብቻ ስለሱ ምን ያህል ማወቅ ይቻላል?

የሳቢያኑ ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ድሬ ያላችሁም ሐረር ያላችሁም። እዚህ ድሬ ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ቅዳሜ ጠዋት ሒሳብ ክለብ አለን (ከሰዓትማ ሙቀቱ አያስቀምጥም)። ለሚቀጥለው ያሰብኩት ርዕስ እስካሁን ከሚታወቁት ፕራይሞች (ከ1ና ከራሳቸው ሌላ አካፋይ ከሌላቸው ቁጥሮች) ትልቁ ነው፣ 2^136279841 − 1፣ ማለትም 136,279,841 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2024 ላይ ነው የተገኘው፣ ያገኘው ሉክ ዱራንት የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ ጂምፕስ በሚባለው ከ1996 ጀምሮ ፈቃደኞች ኮምፒውተራቸውን እያዋጡ በሚፈልጉበት ፕሮጀክት ውስጥ። 41,024,320 አሃዝ አለው። በሰከንድ አንድ አሃዝ እያልክ ሳትተኛ ብታነበው 474 ቀን አልፎም አያልቅልህም።

አሁን ልጆቹ አጃኢብ ብለው ብቻ እንዲሄዱ አልፈልግም። ዜናውን ማንም ስልኩ ላይ ያነበዋል። እኔ የምፈልገው ማንም ጽፎ ስለማይጨርሰው ቁጥር እነሱ ራሳቸው በእጃቸው ሰርተው እርግጠኛ የሚሆኑበትን ነገር ነው፣ ያለ ኮምፒውተር፣ ፕሮጀክተርም የለንም፣ ሰሌዳና ጠመኔ ነው ያለው። የመጨረሻ አሃዙን ማውጣት እንደሚቻል አውቃለሁ፣ ሌላስ ምን ትጨምሩልኛላችሁ?

ቀፊራ_ሱቅ ፦
አንድ ነገር ግራ ገባኝ፣ ትልቁ ፕራይም ሲባል የመጨረሻው ማለት ነው? ከሱ በኋላ የለም?

የሳቢያኑ ፦
የለም አይደለም ወንድሜ፣ ከሱ በላይ ማለቂያ የሌለው አለ፣ እስካሁን ሰው አረጋግጦ በስም ከጠራቸው ትልቁ ማለት ነው። ጁገል መምህር ካዩት እሳቸው በደንብ ያስረዱልናል።

ጁገል_መምህር ፦
እንደምን አላችሁ ልጆች። የማያልቁ መሆናቸውን ዩክሊድ ከ2,300 ዓመት በፊት ግድም አሳይቷል፣ ለ9ኛ ክፍልም አይከብድም። ያሉን ፕራይሞች እነዚህ ብቻ ናቸው የሚል ሰው ቢመጣ ሁሉንም አባዛቸውና 1 ጨምርበት በሉት። የሚመጣው ቁጥር በዝርዝሩ ውስጥ ባለ በየትኛውም ፕራይም ሲካፈል 1 ይተርፋል፣ ስለዚህ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ፕራይም አካፋይ የግድ አለው፣ በቃ ዝርዝሩ ሙሉ አልነበረም።

እዚህ ላይ ብዙ ልጆች የሚሳሳቱበትን ላንሳ፣ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ስለሚገጥመኝ። የተገኘው ቁጥር ራሱ ፕራይም ነው ማለት አይደለም። 2×3×5×7×11×13 + 1 = 30031 ነው፣ እሱ ደግሞ 59 × 509 ነው። 59ም 509ም ዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም፣ ማስረጃው የሚለው ይህንኑ ብቻ ነው። ይህቺን ምሳሌ ሰሌዳ ላይ ካላስቀመጥክ በሚቀጥለው ሳምንት ፕራይሞችን አባዝቶ 1 መጨመር አዲስ ፕራይም ማግኛ ነው ብለው ይመጡልሃል።

ሐረማያ_ማታ ፦
መምህር ያሉት ላይ ልጨምር፣ ከድሮው ሪከርድ ከ2^82589933 − 1 (በ2018 የተገኘው፣ 24,862,048 አሃዝ) እስከ አዲሱ ድረስ መሃል ላይ ያለው ባዶ አይደለም፣ ለመቁጠር የማይመች ብዛት ያለው ፕራይም አለ። በአዲሱ ቁጥር አካባቢ በአማካይ ከ94 ሚሊዮን ቁጥር አንዱ ፕራይም ነው። ይሄ የሚመጣው ከፕራይም ቁጥር ቲዎረም ነው፣ ናቹራል ሎጋሪዝሙን መውሰድ ነው፣ 136,279,841 × 0.693 ብታሉ ወደ 94.4 ሚሊዮን ይመጣል። ከ94 ሚሊዮን አንድ ማለት ቀጭን ይመስላል ግን ቁጥሮቹ 41 ሚሊዮን አሃዝ ያላቸው ሲሆኑ ፕራይሞቹ ሞልተዋል ማለት ነው፣ የሌለው እነሱን የምናረጋግጥበት መንገድ ነው። 2 ለሆነ ነገር ሲነሳ 1 የተቀነሰለት ቁጥር ግን (መርሰን ቁጥር የሚባለው) የራሱ የሆነ ፈጣን መፈተሻ አለው፣ ለዛ ነው ሪከርዱ ለረጅም ጊዜ አብዛኛውን በነሱ እጅ የቆየው። ትልቅ ስለሆኑ ሳይሆን ለመፈተሽ ስለሚመቹ ነው የሚፈለጉት።

የሳቢያኑ ፦
ይሄ አሪፍ ነው፣ እንግዲህ ልጀምረው። መጨረሻ አሃዝ፦ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64... መጨረሻቸው 2፣ 4፣ 8፣ 6 እያለ በአራት በአራት ይዞራል። 136,279,841ን ለ4 ስታካፍል የመጨረሻ ሁለት አሃዙን ማየት በቂ ነው፣ 41 ሲካፈል ለ4 ቀሪው 1፣ ስለዚ 2^136279841 መጨረሻው 2 ነው፣ 1 ሲቀነስ 1። ቁጥራችን በ1 ያልቃል።

አስረኛ_ሐ ፦
እኔ ክለቡ ውስጥ ነኝ ቲቸር። ሁለት አሃዝም እኮ ይቻላል፣ 2^20 = 1,048,576 ነው መጨረሻው 76። 76ን በማንኛውም የ4 ብዜት ብታባዙት የዛ ቁጥር የመጨረሻ ሁለት አሃዝ ራሱ ይመለሳል፣ 76×4 = 304 ያው 04፣ 76×52 = 3952 ያው 52። ስለዚ ከ4 ጀምሮ በ20 በ20 ይዞራል። 136,279,841 ለ20 ቀሪው 1 ነው፣ 2^21 = 2,097,152፣ መጨረሻው 52፣ ሲቀነስ 51። በ51 ነው የሚያልቀው።

የሳቢያኑ ፦
አቦ ጎበዝ! ቅዳሜ ይሄን ሰሌዳ ላይ አንቺ ነሽ የምትሰሪው።

ሐረማያ_ማታ ፦
የአሃዙን ብዛት ስታሰሩ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። መንገዱ ቀላል ነው፣ ኤክስፖነንቱን (2 የተነሳበትን 136,279,841) በሎግ 2 ማባዛትና ሙሉ ክፍሉ ላይ 1 መጨመር። ግን ከድሮ ሠንጠረዥ 0.30103 ብላችሁ ከወሰዳችሁ 41,024,320.536 ይመጣል፣ አሃዙ 41,024,321 ነው ያሰኛችኋል፣ በአንድ በለጠ። ትክክለኛው ሎግ 0.30102999566 ነው፣ ልዩነቱ ከዜሮ ነጥብ በኋላ ዘጠነኛው ቦታ ላይ ነው ያለው፣ ግን በ136 ሚሊዮን ሲባዛ 0.59 ይሆናል፣ እሷ ናት አንዱን አሃዝ የምታመጣው። በትክክለኛው 41,024,319.945 ነው፣ ስለዚህ 41,024,320። ከነጥብ በኋላ ያለችው 0.945 ደሞ ዝም ብላ አይደለችም፣ 10 ለ0.945 ወደ 8.81 ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ በ88 ይጀምራል። የስልክ ካልኩሌተር ከፈቀድክላቸው መጀመሪያውንም መጨረሻውንም አወጡት ማለት ነው።

ቀፊራ_ሱቅ ፦
እሺ ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ልጆቹም ጎበዞች ናቸው ማሻአላህ። ግን በቅን ልቦና ነው የምጠይቀው፣ ጥቅሙ ምንድነው? ለባንክ ሚስጥር ቁጥር ነው የሚሉ ሰምቻለሁ፣ የሞባይል ባንኪንጉ በዚህ ነው የሚሰራው?

ሃርድዌር_ከዚራ ፦
በዚህ ቁጥር አይደለም። በየቦታው ይደጋገማል ይሄ ነገር፣ ቢጠራ ጥሩ ነው። አርኤስኤ የሚባለው ኢንክሪፕሽን (መልእክት በሚስጥር መቆለፊያ) በተለመደው መጠኑ ሁለት ፕራይም ያባዛል፣ እያንዳንዳቸው ወደ 309 አሃዝ ናቸው፣ እና ሚስጥር መሆን አለባቸው። 41 ሚሊዮን አሃዝ ያለው ለዛ ስራ ከልክ በላይ ነው፣ በዛ ላይ ዓለም በሙሉ የሚያውቀው ቁጥር ምን ሚስጥር ይጠብቃል።

ትናንሾቹ መርሰኖች ግን ስራ ላይ ናቸው። 2^31 − 1 = 2,147,483,647 በ32 ቢት ከነምልክቱ የሚቀመጥ ትልቁ ሙሉ ቁጥር ነው፣ ኦይለር ነው በ1772 ፕራይም መሆኑን ያረጋገጠው። 2^521 − 1 ላይ የተመሰረተ ኢንክሪፕሽን አለ (እዛ ፕራይሙ ግልጽ ነው፣ ሚስጥሩ ሌላ ቦታ ነው)። 2^19937 − 1 ደሞ መርሰን ትዊስተር የሚባለው ራንደም ቁጥር ማመንጫ ውስጥ አለ፣ ፓይዘን ላይ ራንደም ስትሉ የሚሰራው እሱ ነው።

ለትልልቆቹ የሚያገለግለው ፍለጋው ራሱ ነው። ፕራይም95 የሚባለው የጂምፕስ ፕሮግራም እኛ ጥገና የምንሰራ ሰዎች ጋ ኮምፒውተር መፈተሻ ነው፣ ሰርተን ስንጨርስ እሱን ለቀን እናስጨንቀዋለን፣ ማዘርቦርዱ ወይ ራሙ ችግር ካለበት ስሌቱ ይሳሳታል። በ2016 መጀመሪያ የኢንቴል ስካይሌክ ፕሮሰሰሮች ላይ የነበረ ችግር የታወቀው በዚሁ ፕሮግራም ነው፣ ሌላ ስራ ላይ ደህና የነበረ ማሽን እሱ ላይ ቀጥ ይል ነበር፣ ኢንቴልም አምኖ ማስተካከያ አወጣ።

ቀፊራ_ሱቅ ፦
አሁን ገባኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። ሽልማትስ አለው?

ሃርድዌር_ከዚራ ፦
ለዚህኛው ጂምፕስ 3,000 ዶላር፣ እሱንም ዱራንት ለተማረበት የአላባማ ሒሳብና ሳይንስ ትምህርት ቤት እሰጣለሁ ብሏል። 100 ሚሊዮን አሃዝ ለሚያልፍ የመጀመሪያ ፕራይም ደሞ ኢኤፍኤፍ የሚባል ድርጅት ያስቀመጠው 150,000 ዶላር እስካሁን አልተወሰደም፣ ለዛ ኤክስፖነንቱ ከ332 ሚሊዮን በላይ መሆን አለበት።

አስረኛ_ሐ ፦
ቆይ ግን ዋናው ጥያቄ አልተመለሰም እኮ። ፕራይም መሆኑን እንዴት አወቁ? እኛ የተማርነው እስከ ስኩዌር ሩቱ ድረስ በሁሉም ማካፈል ነው፣ የዚህ ስኩዌር ሩት እኮ ራሱ 20 ሚሊዮን አሃዝ አለው።

ጁገል_መምህር ፦
ልጄ የጠየቅሽው የጉዳዩ እምብርት ነው። ቀስ ብዬ እጽፈዋለሁ፣ ወረቀት ይዘሽ ተከተይኝ።

መፈተሻው ሉካስ ሌህመር ይባላል፣ ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀመረው፣ አሜሪካዊው ሌህመር በ1930ዎቹ አሁን ባለው መልኩ አቀናው። ትዕዛዙ አንድ መስመር ነው። ከ4 ጀምሪ። በራሱ አባዢው፣ 2 ቀንሺ፣ በምትፈትሺው ቁጥር አካፍለሽ ቀሪውን ያዢ። እንደገና በራሱ፣ 2 ቀንሺ፣ ቀሪውን ያዢ። ይህንን ከኤክስፖነንቱ 2 የሚያንስ ጊዜ ድገሚው። መጨረሻ ላይ 0 ከመጣ ፕራይም ነው፣ ሌላ ከመጣ አይደለም። ምናልባት የሚባል ነገር የለም፣ በሁለቱም በኩል የተረጋገጠ ቲዎረም ነው፣ ኤክስፖነንቱ ከ2 በላይ የሆነ ፕራይም ይሁን እንጂ።

በ127 እንሞክር፣ 2^7 − 1 ነው፣ ስለዚህ 5 ጊዜ። 4 በራሱ 16፣ ሲቀነስ 14። 14 በራሱ 196፣ ሲቀነስ 194፣ ለ127 ቀሪው 67። 67 በራሱ 4489፣ ሲቀነስ 4487፣ ቀሪው 42። 42 በራሱ 1764፣ ሲቀነስ 1762፣ ቀሪው 111። 111 በራሱ 12321፣ ሲቀነስ 12319፣ እሱም 127 × 97 ልክ ነው፣ ቀሪው 0። ስለዚህ 127 ፕራይም ነው፣ በ3 በ5 በ7 በ11 ብለን አልነካነውም።

አሁን 2^11 − 1 = 2047ን ውሰጂ። 9 ጊዜ ነው፣ እኔ ያገኘሁት 14፣ 194፣ 788፣ 701፣ 119፣ 1877፣ 240፣ 282፣ መጨረሻ 1736። ዜሮ አልሆነም፣ 2047 ፕራይም አይደለም። አስተውዪ፣ በምን እንደሚካፈል ግን አልነገረንም። (23 × 89 ነው።) ይህ የመፈተሻው ጠባይ ነው። ሉካስ በ1876 2^67 − 1 ፕራይም እንዳልሆነ ሲያሳይ አካፋዩን አላወቀም ነበር፣ ያም ሆኖ ከ1644 ጀምሮ እነዚህ ቁጥሮች በስሙ በሚጠሩበት በመርሰን ዝርዝር ላይ ፕራይም ተብሎ የቆየውን ቁጥር ከዝርዝሩ አስወጥቶታል። አካፋዮቹን ኮል የሚባል አሜሪካዊ በ1903 ነው ያወጣቸው፣ 193,707,721 × 761,838,257,287። ሁለቱን ቁጥሮች አባዝቶ ማረጋገጥ ለአንድ ጎበዝ ተማሪ የአንድ ክፍለ ጊዜ ስራ ነው፣ ማግኘቱ ነው ዓመታት የፈጀው። ክለባችሁ ውስጥ ይህንን ብዜት የምትሰሩበት ቀን ብትመድቡ ደስ ይለኛል።

አስረኛ_ሐ ፦
2047ን እኔም ሰራሁት መምህር፣ 1736 መጣ! ግን ለምን 4? ከ5 ብጀምርስ?

ጁገል_መምህር ፦
5 አያገለግልም፣ 4 ግን ለሁሉም ኤክስፖነንት ይሰራል፣ 10ም እንዲሁ። 4ን እንዲህ አድርገሽ እዪው፦ 2 ሲደመር ሩት 3፣ እና 2 ሲቀነስ ሩት 3። ሁለቱ ሲደመሩ 4፣ ሲባዙ ደግሞ 4 − 3 ማለትም 1 ናቸው። ብዜታቸው 1 በመሆኑ ድምራቸውን በራሱ ስታባዢና 2 ስትቀንሺ የእያንዳንዳቸው ስኩዌር ድምር ይቀርሻል። ሞክሪው፣ 7 + 4ሩት3 እና 7 − 4ሩት3 ሲደመሩ 14። ስለዚህ እነዚያ እርምጃዎች ሁሉ የ2 + ሩት 3ን ኤክስፖነንት በእጥፍ በእጥፍ ማሳደግ ናቸው፣ መጨረሻ ላይ ዜሮ የሚመጣው ዑደቱ ቁጥሩ ፕራይም ሲሆን ብቻ ሊኖረው የሚችለው ርዝመት ስላለው ነው። ሙሉ ማስረጃው ሁለት ገጽ ነው፣ 12ኛ ክፍል ስትደርሺ አብረን እናነበዋለን ኢንሻላህ።

ሃርድዌር_ከዚራ ፦
መምህር ካሉት ላይ የኮምፒውተሩን በኩል ልናገር። ለዚህ ቁጥር ያ እርምጃ 136,279,839 ጊዜ መደገም አለበት፣ በየእርምጃው እስከ 41 ሚሊዮን አሃዝ ያለው ቁጥር በራሱ ይባዛል። ሁለት ነገር ነው የሚያድነው። አንደኛ ማባዛቱ እኛ እንደምናባዛው አሃዝ በአሃዝ አይደለም፣ ኤፍኤፍቲ በሚባል ዘዴ ነው፣ ያ ባይኖር ማንም አይሞክረውም ነበር። ሁለተኛ ማካፈል የሚባል ነገር የለም። 2 ለሆነ ነገር ሲቀነስ 1 በባይነሪ ሲጻፍ 1 ብቻ ነው፣ የኛው ቁጥር 136,279,841 አንዶች ተደርድረው ማለት ነው፣ ሌላ ምንም የለም። በዚህ ምክንያት ቀሪ ለማውጣት ከላይ የተረፈውን ቢት ቆርጦ ከታች መደመር በቂ ነው። በ31 እዩት፣ 194 በባይነሪ 11000010 ነው፣ የታችኞቹ አምስቱ 00010 ማለት 2፣ የላይኞቹ 110 ማለት 6፣ ድምር 8። 194 ለ31 ቀሪውም 8 ነው። ቀጥሎ 8 በራሱ 64፣ ሲቀነስ 62፣ እሱም 31 × 2፣ ዜሮ። አለቀ፣ 31 ፕራይም።

በነገራችን ላይ እስከዛ ድረስ ለ28 ዓመት ጂምፕስ ያገኛቸው ሁሉ በተራ ኮምፒውተር ነበር፣ ይሄኛው የመጀመሪያው በጂፒዩ (በግራፊክስ ካርድ) የተገኘ ነው። ዱራንት በ17 አገር ባሉ ዳታ ሴንተሮች ብዙ ጂፒዩ እየተከራየ ነው የሰራው፣ ኦክቶበር 11 ደብሊን አየርላንድ ያለ ኤ100 የሚባል ጂፒዩ ፕራይም ሳይሆን አይቀርም አለ፣ በማግስቱ ሳን አንቶኒዮ ቴክሳስ ያለ ኤች100 መምህር ባሳዩት በሉካስ ሌህመር አረጋገጠው። ከዛ በኋላም ሌሎች ሰዎች በሌላ ፕሮግራምና በሌላ ሃርድዌር ደግመው ሰሩት።

ገንደ_ቆሬ ፦
እኔ ቤት ዴስክቶፕ አለኝ፣ ዝም ብሎ ነው የሚውለው፣ ከድሬ ሆኜ መሳተፍ ይቻላል? መብራት ሲሄድ ስራው ይጠፋል?

ሃርድዌር_ከዚራ ፦
ይቻላል፣ ፕሮግራሙ ነፃ ነው፣ ኢንተርኔት የሚፈልገው ስራ ሲቀበልና ውጤት ሲልክ ብቻ ነው። የደረሰበትን በየግማሽ ሰዓቱ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፣ መብራት ሲሄድ ከዛ ይቀጥላል። የኛ ሀገር ችግር ሙቀቱ ነው። ፕሮሰሰሩን ሙሉ ለሙሉ ነው የሚያሰራው፣ ግንቦት ሰኔ ላይ ቀን ላይ ባትለቀው ይሻላል፣ ማታ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ አድርገው፣ ከሁሉ በፊት ግን ከፍተህ ፋኑን ከአቧራ አጽዳው፣ የድሬ አቧራ ሂትሲንኩን ደፍኖት ነው የምናገኘው። ላፕቶፕ ላይ ግን አልመክርም።

ሐረማያ_ማታ ፦
የሳቢያኑ፣ ለ11ኛ ክፍሎቹ ከሁሉ የምወደውን ልስጥህ። ኤክስፖነንቱ ፕራይም መሆን አለበት የሚለውን መጀመሪያ አሳያቸው፣ 15 = 3×5 ስለሆነ 2^15 − 1 = 32767 በ2^3 − 1 ማለትም በ7፣ በ2^5 − 1 ማለትም በ31 ይካፈላል (7×31×151 ነው)። ከዛ በኋላ ልጆቹ ራሳቸው የኛን ቁጥር በ7 ያካፍሉት። የ2 ተከታታይ በ7 ሲካፈል ቀሪው 2፣ 4፣ 1፣ 2፣ 4፣ 1 ነው፣ በሶስት ይዞራል። የኤክስፖነንቱ አሃዞች ድምር 1+3+6+2+7+9+8+4+1 = 41፣ ለ3 ቀሪው 2፣ ስለዚህ 2^136279841 ለ7 ቀሪው 4፣ አንድ ሲቀነስ 3። አይካፈልም።

አሁን ለማንኛውም ፕራይም አካፋይ አስቡት። ቁጥራችንን ቢያካፍል ኖሮ የ2 ዙር በዛ ፕራይም ላይ (በ7 ላይ 3 እንደሆነው፣ ቀሪዎቹ የሚደጋገሙበት ርዝመት) ኤክስፖነንቱን ማካፈል ነበረበት። ኤክስፖነንቱ ራሱ ፕራይም ስለሆነ ዙሩ ልክ 136,279,841 ከመሆን ሌላ ምርጫ የለውም። በፌርማ ትንሹ ቲዎረም ደሞ ዙሩ አካፋዩ ሲቀነስ 1ን ያካፍላል፣ አካፋዩ ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነም ሲቀነስ 1 በ2ም ይካፈላል። ስለዚህ ማንኛውም አካፋይ ቢያንስ 2 × 136,279,841 + 1 = 272,559,683 መሆን ነበረበት። አያችሁ፣ ከ272 ሚሊዮን በታች ያለ ፕራይም በሙሉ አንድም ሳይሞከር ወጣ! ሌላም አለ፣ አካፋዩ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይ 7 መሆን አለበት፣ 272,559,683 ለ8 ቀሪው 3 ስለሆነ እሱም ይወድቃል፣ ቀጣዮቹን ብትሞክሩ የመጀመሪያው የሚያልፈው 6 × 136,279,841 + 1 = 817,679,047 ነው። በ2047 አረጋግጡት፣ 23 = 2×11 + 1፣ 89 = 8×11 + 1፣ ሁለቱም ሕጉን ይጠብቃሉ። ይሄ ብቻውን ፕራይም መሆኑን አያረጋግጥም፣ ግን በአንድ ሰሌዳ 800 ሚሊዮን ድረስ ያለውን መጥረግ ለኔ ከሪከርዱ ዜና ይበልጣል።

የሳቢያኑ ፦
ወላሂ ይሄንን ነበር የምፈልገው። 7ቱን ለ9ኛ ክፍል፣ የአካፋዩን ነገር ለ11ኛ አደርገዋለሁ።

ጁገል_መምህር ፦
ፍጹም ቁጥርን አትርሱት። 6 ከራሱ ሌላ ያሉት አካፋዮቹ ድምር ነው፣ 1 + 2 + 3። 28ም እንዲሁ፣ 496ም፣ 8128ም። ዩክሊድ እንዳሳየው 2^ፒ − 1 ፕራይም ከሆነ በ2^(ፒ−1) ሲባዛ ፍጹም ቁጥር ይሰጣል፣ ኦይለር ደግሞ ተጋማሽ ፍጹም ቁጥሮች በሙሉ በዚሁ መንገድ ብቻ እንደሚመጡ አረጋገጠ። ስለዚህ በ2024 የተገኘው ፕራይም ብቻ አይደለም፣ 82,048,640 አሃዝ ያለው ፍጹም ቁጥርም አብሮ ተገኝቷል። ጎዶሎ የሆነ ፍጹም ቁጥር ይኑር አይኑር ግን እስከ ዛሬ ማንም አልመለሰውም፣ ይህንን ለልጆቹ ንገራቸው፣ ሒሳብ ተዘግቶ ያለቀ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው።

አስረኛ_ሐ ፦
የመጨረሻ ሶስት አሃዙን ልሞክር ብዬ ነበር ግን ዙሩ 100 ነው፣ ስለዚ 2^41 ማወቅ አለብኝ፣ እየደጋገሙ በ2 ከማባዛት ሌላ አቋራጭ አለ?

ጁገል_መምህር ፦
አለ። ውጭ የሚጻፉ የሒሳብ መጻሕፍት የኢትዮጵያ ማባዛት የሚሉት አንዱን ወገን እያጋመሱ ሌላውን የሚያጥፉበት መንገድ አለ፣ እሱን ወደ ኤክስፖነንት አምጪው። 41ን አጋምሺ፣ ቀሪውን ጣዪ፦ 41፣ 20፣ 10፣ 5፣ 2፣ 1። ከታች ወደ ላይ ውጪ፣ በእያንዳንዱ እርከን በራሱ አባዢ፣ እርከኑ ጎዶሎ ቁጥር ከሆነ አንድ ጊዜ በ2 ጨምሪ፣ የመጨረሻ ሶስት አሃዝ ብቻ ያዢ።

አስረኛ_ሐ ፦
1 ላይ 2፣ 2 ላይ 4፣ 5 ላይ 32፣ 10 ላይ 1024 ያው 024፣ 20 ላይ 576፣ 40 አለ እንዴ መሃል? አዎ 576 በራሱ 331,776 ያው 776 እሱ 2^40 ነው፣ ከዛ በ2፣ 1552 ያው 552። ሲቀነስ 551!! እና ፍጹም ቁጥሩ ደሞ 776 × 551 = 427,576፣ ስለዚ በ576 ያልቃል።

ጁገል_መምህር ፦
እሰይ የኔ ልጅ። አራት አሃዝ ከፈለግሽ ዙሩ 500 ነው፣ ኤክስፖነንቱ ለ500 ቀሪው 341። ተመሳሳይ መንገድ ነው።

አስረኛ_ሐ ፦
341፣ 170፣ 85፣ 42፣ 21፣ 10፣ 5፣ 2፣ 1። ከታች ስወጣ 2፣ 4፣ 32፣ 1024፣ 7152፣ 1104፣ 7632፣ 7424፣ 1552። ስለዚ መልሱ 1551። የሚያረጋግጥልኝ አለ?

ሐረማያ_ማታ ፦
ሙሉ ቁጥሩ ያለበት ፋይል ላፕቶፔ ላይ አለ፣ 41 ሜጋባይት ጽሑፍ ነው፣ ከፍቼ አየሁልሽ። መጀመሪያው 88169፣ መጨረሻው 871551።